«እባክሽ ታይሮይድሽን ተመርመሪ»

ኢሜይሉ ስድስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይሆናል፦

«ሰላም፣ ዜናሽን አሁን አየሁት። ያሳሰበኝ አንገትሽ ላይ ያለው እብጠት ነው። እባክሽ ታይሮይድሽን ተመርመሪ። የኔን አንገት አስታወሰኝ። የኔው ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ራስሽን ጠብቂ።»

የላከችው አንዲት ተመልካች ናት። የደረሳት ቪክቶሪያ ፕራይስ ትባላለች። ያኔ 28 ዓመቷ ነው። ታምፓ፣ ፍሎሪዳ በሚገኘው ደብልዩ ኤፍ ኤል ኤ በተባለ የቴሌቪዥን ጣቢያ የምርመራ ዜና ሪፖርተር ነበረች። ጊዜው ጁን 2020 (እ.ኤ.አ.) ነው። ሁለቱ ሴቶች አይተዋወቁም።

እንግሊዝኛው «አንቺ» እና «እርስዎ» ብሎ አይለይም። እኔ በ«አንቺ» የመለስኩት ቃናው የእህት ስለመሰለኝ ነው። «ክብርት ጋዜጠኛ» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ እንዲህ አንገት ድረስ አይዘልቅም።

ወር ገደማ ቆይቶ፣ ጁላይ 23፣ ፕራይስ የሆነውን ሁሉ በማኅበራዊ ሚዲያ ገጾቿ ላይ ጻፈች። ተመርምራለች። ካንሰር ነው። የፊታችን ሰኞ ቀዶ ሕክምና አለባት።

ታሪኩ ያኔ ዓለምን ዞረ። «ተመልካች የሪፖርተሯን ሕይወት አተረፈች» ተብሎ በሁለት በሦስት አንቀጽ ተጻፈና አለቀ። እኔን የያዘኝ ግን ኢሜይሉ ነው። ሪፖርተር በቀን ብዙ መልእክት ይደርሳታል፤ ግማሹ ስለ መልኳ ነው። ይህ አንዱ እንዴት ሐኪም ቤት ድረስ ወሰዳት?

መጀመሪያ ስለ ሥራው ላውራ። አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው ማታ ቻናል 4ን፣ 5ን፣ 7ን ወይም 9ን ይከፍታል። ዜናው ስለ ሰፈሩ ነው። የትኛው መንገድ ተዘጋ፣ የትኛው ትምህርት ቤት ምን ሆነ፣ ነገ ይዘንባል ወይ። ዜናውን የምታቀርበው ልጅም የሰፈር ሰው ትመስላለች። ሱፐርማርኬት ውስጥ ያገኟታል። በስሟ ይጠሯታል። ትልልቆቹ የኒውዮርክ ጋዜጠኞች ይህ የላቸውም።

ታምፓም እንደዚያው ነው። ደብልዩ ኤፍ ኤል ኤ በ1955 ሥራ የጀመረ ጣቢያ ነው። ቁጥሩ 8 ነው፤ መፈክሩም «8 ከጎንዎ ነው» እንደማለት ነው። መፈክሩን የምር የሚወስዱት ተመልካቾቹ ናቸው። ባለሥልጣን በደለኝ፣ ኮንትራክተር ገንዘቤን በላኝ፣ መብራቴ ተቆረጠ የሚል ሁሉ እዚያ ይጽፋል። የምርመራ ሪፖርተር የሚባለው ሰው የቀን እንጀራው ይህ ነው። ከማያውቀው ሰው የሚመጣ መልእክት ከፍቶ ያነባል። ደግሞ ያነባል። ከመቶው አንዱ እውነተኛ ዜና ይሆናል።

በ2020 ደግሞ ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ኮሮና ገባ። ሆቴልና ምግብ ቤት ተዘጋ፤ ፍሎሪዳ ደግሞ ኑሮዋ ቱሪስት ነው። ሥራ አጦች ድጎማ የሚያመለክቱበት የክፍለ ግዛቱ ድረ ገጽ ተጨናንቆ አልሠራ አለ። ስልክ የሚያነሳ የለም። ሰዉ የት ይሂድ? ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያ ጮኸ። ፕራይስ ያንን ጊዜ ስትገልጸው ወረርሽኙ ከጀመረ አንስቶ ያለ እረፍት ሩጫ ነበር፣ ዜናውም ፈረቃውም ማብቂያ የለውም ብላለች። ከዚያ አንድ የማልረሳው ነገር ጨመረች። የክፍለ ዘመኑን ትልቁን የጤና ዜና እየዘገብን ነበር፤ የራሴ ጤና ግን ሐሳቤ ውስጥ እንኳ አልነበረም አለች።

ጋዜጠኛ የሆነ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ስለ ክትባት ሲዘግብ ይውላል፣ እሱ አልተከተበም። ስለ እንቅልፍ እጦት ፕሮግራም ለመሥራት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ያመሻል። የልብስ ሰፊ ልጅ ቀዳዳ ይለብሳል የሚባለው ዓይነት ነገር ነው።

በዚያ ላይ ሐኪም ቤት መሄድ ራሱ ቀላል አልነበረም። ፍሎሪዳ ውስጥ ከማርች 20 እስከ ሜይ መጀመሪያ ድረስ አስቸኳይ ያልሆነ ሕክምና በአገረ ገዢው ትእዛዝ ቆሞ ነበር። ከተፈቀደ በኋላም ሰዉ ይፈራ ነበር። ጁላይ 12 ቀን ፍሎሪዳ በአንድ ቀን ብቻ ከ15,000 በላይ አዲስ የኮሮና ተጠቂ መዘገበች፤ እስከዚያ ቀን አንድም የአሜሪካ ክፍለ ግዛት እንዲህ ያለ ቁጥር አላየም ነበር። በዚያ ሰሞን የማያም፣ የማይቆጠቁጥ የአንገት እብጠት ይዞ ሐኪም ጋ የሚሄድ ማን ነው?

ስለዚህ ኢሜይሉ ከባድ ሥራ ነበረበት። በሥራ የተጠመደችን፣ ወጣት የሆነችን፣ ምንም የማያማትን ሴት ከቤት አስወጥቶ ሐኪም ቤት ማድረስ።

አሁን ወደ ቃላቱ እንመለስ።

አንደኛ፣ ላኪዋ ቦታውን ትናገራለች። «ደህና አትመስይም» አላለችም። «ፊትሽ ጠቁሯል» አላለችም። አንገት አለች፣ ታይሮይድ አለች። ሁለተኛ፣ ከየት እንዳወቀች ትናገራለች፤ የራሷ አንገት ነው። ሐኪም ነኝ አላለችም። ሦስተኛ፣ «ካንሰር አለብሽ» አላለችም። ካንሰር የሚለው ቃል ኢሜይሉ ውስጥ አለ፣ ግን የላኪዋ ካንሰር ነው። ፍርሃቱን በራሷ ላይ አስቀምጣ ለሌላዋ የተወችላት አንድ ትንሽ ሥራ ብቻ ነው፦ ተመርመሪ። አራተኛ ደግሞ መልስ አትጠይቅም። «ምን እንደሆንሽ አሳውቂኝ» የለም። ብላ ጨረሰች፣ ሄደች።

ይህን በሌላ ኢሜይል አጠገብ ሳስቀምጠው የበለጠ ይገባኛል። በ2012 ላ ክሮስ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ጄኒፈር ሊቪንግስተን የምትባል የጠዋት ዜና አቅራቢ ነበረች። የሚገርመው የሷም ጣቢያ ቻናል 8 ነው። አንድ ሰው ጻፈላት። ፕሮግራምሽን እምብዛም አላይም፣ ዛሬ ለትንሽ ጊዜ አየሁት፣ ውፍረትሽ ግን አሁንም እንዳለ ነው የሚል ነገር ነው። ለወጣት ሴቶች ጥሩ አርአያ አይደለሽም ብሎም ጨመረበት። ሊቪንግስተን ኦክቶበር 2 ቀን በቀጥታ ስርጭት መልስ ሰጠችው። መወፈሬን የማላውቅ መሰለህ ወይ ነው ነገሩ። እኔ ራሴ የማላየውን ምን ነገርከኝ?

ሁለቱም ላኪዎች የማያውቋትን ሴት በቴሌቪዥን አይተው ስለ ሰውነቷ ጻፉ። ሁለቱም ስለ ጤና ተጨንቀናል ይላሉ። ግን የዊስኮንሲኑ ሰው የነገራት የምታውቀውን ነው። የታምፓዋ ሴት የነገረቻት የማታውቀውን ነው።

እኛ ዘንድ ይህ ነገር ትንሽ ይለያል። ሰው ሲገናኝ «ምነው ከሳሽ?»፣ «ወፈርክ ልበል?»፣ «ምን ሆነህ ነው የጠቆርከው?» ይባባላል። ሰላምታ ነው። ፈረንጅ ቢሰማ ይደነግጣል። አብዛኛውን ጊዜ ምንም ጥቅም የለውም፣ አንዳንዴም ያሳፍራል። ነገር ግን አክስቴ ወይም ጎረቤቴ ሳያፍሩ የሚያዩኝ መሆኑ የሆነ ቀን ይጠቅም ይሆናል ብዬ አስባለሁ። በአሜሪካ መሥሪያ ቤት ውስጥ የባልደረባን አንገት አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» የሚል ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ነውር ነው። ተመልካቿ ግን ሳሎኗ ውስጥ ብቻዋን ነች። ባለጌ ተብላ የምትታይበት ፊት የለም።

ለምን እሷ አየችው፣ ሌላው አላየውም? ለዚህ መልስ አለው። ታይሮይድ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ትንሽ ዕጢ ነው፤ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ ከአየር ቧንቧ ፊት ለፊት ይቀመጣል። በውስጡ እብጠት ሲኖር ምራቅ ስንውጥ አብሮ ወደ ላይ ይወጣና ይመለሳል። ሐኪሞች ውኃ አስጠጥተው የሚያዩት ለዚህ ነው። አሁን ሪፖርተሯን አስቧት። ቀና ብላ ካሜራውን ታያለች። መብራት ፊቷና አንገቷ ላይ ነው። ትናገራለች፣ ትውጣለች፣ ጎን ዞር ትላለች። ለሁለት ደቂቃ ማንም ሰው እንዲህ ተስተካክሎ ለምርመራ አይቆምም። መስታወት ፊት ግን አገጫችንን ዝቅ አድርገን ዓይናችንንና ፀጉራችንን ነው የምናየው። ቤተሰብ ደግሞ በየቀኑ ስለሚያይ ለውጡ አይታየውም። ፕራይስ እንደተናገረችው ሐኪሙ ያስረዳት እብጠቱ የዕጢው መሐል ላይ ስለነበር ወደ ላይ ገፍቶ ጎላ እንዲል እንዳደረገው ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ላይታይ ይችል ነበር።

ካሜራውና መብራቱ ብቻ ግን አይበቁም፤ አብዛኛው ተመልካች ቢያየውም አያውቀውም። ያወቀችው አንዴ የታመመችው ናት።

እዚህ ላይ የኛን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ያሳዝነኛል። አበሻ አንገት ላይ እብጠት ሲያይ የመጀመሪያ ቃሉ «እንቅርት» ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚለው ተረት የመጣው ከየቤቱ ነው። በደጋው አገር አፈሩም ውኃውም አዮዲን ያንሰዋል፤ ዕጢው ያንን ለማካካስ ያብጣል። በአንድ ወቅት በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሦስት ሴቶች አንዷ እንቅርት ነበረባት። እናቶቻችን አንገታቸው ላይ የሚነቀሱት ለጌጥ ቢሆንም እንቅርት ያስታግሳል ተብሎም ነበር። ጨዋችን አዮዲን ተጨምሮበት የሚመጣው ከአሰብና ከምጽዋ ነበር፤ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ያ ቀረ። ዜጋው የአፋር ጨው፣ አዮዲን የሌለበትን፣ ይበላ ጀመር። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. (በ2011 እ.ኤ.አ.) ነው።

ይህን ያመጣሁት ለአንድ ነገር ነው። እንቅርት ስለለመድን አንገት ላይ ያለ እብጠት አያስደነግጠንም። «የቤተሰብ ነው፣ እናቴም ነበራት» ይባላል። ብዙውን ጊዜ ልክ ነው። የታይሮይድ እብጠት ከአሥሩ ዘጠኙ በላይ ካንሰር አይደለም። የቀረውን ለመለየት ግን ዓይን አይበቃም። መጀመሪያ አልትራሳውንድ ነው፤ ካጠራጠረ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል። ናሙናው የሚወስደው ጊዜ ደቂቃዎች ነው። ካንሰሩ ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ሦስት እጥፍ ገደማ ይበዛል፣ በወጣትነትም ይመጣል፣ በጊዜ ሲገኝም በጣም ከሚድኑት ካንሰሮች አንዱ ነው።

የፕራይስ ታሪክ ብቸኛው አይደለም። በ2013 በአሜሪካ የቤት እድሳት ፕሮግራም የሚያቀርበውን ታሬክ ኤል ሙሳን አንዲት ነርስ በቴሌቪዥን አይታ አንገቱ ላይ እብጠት እንዳለ ለፕሮግራሙ አዘጋጆች ጻፈች፤ የታይሮይድ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። በ2019 ደግሞ ታዋቂዋን ዜና አቅራቢ ዴቦራ ኖርቪልን ተመልካች አስጠንቅቋት በአንገቷ ቀዶ ሕክምና አደረገች። ቴሌቪዥን ለታይሮይድ የተሠራ መሣሪያ ይመስላል።

ይህን ሁሉ አንብቦ «እንግዲህ ሁላችንም አልትራሳውንድ እንነሳ» የሚል ይኖራል። ቆይ። ኮሪያዎች ሞክረውታል። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ደኅና የሆነ ሰው ሁሉ ለጠቅላላ ምርመራ ሲሄድ ትንሽ ገንዘብ ጨምሮ አንገቱን ይታይ ጀመር። በ2011 የታይሮይድ ካንሰር ተገኘበት የሚባለው ሰው ቁጥር በ1993 ከነበረው 15 እጥፍ ሆነ። በበሽታው የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን አልቀነሰም፤ እዚያው ነው። ማለትም ዕድሜ ልክ ምንም የማያደርጉ ጥቃቅን እብጠቶች እየተፈለጉ ሰዎች ዕጢያቸውን አጡ። የአሜሪካ መከላከል ሕክምና ባለሙያዎች ቡድንም በ2017 ምልክት የሌለው ሰው ለዚህ ብሎ እንዳይመረመር መክሯል።

የታምፓው ጉዳይ ከዚህ ይለያል። እብጠቱ ከሳሎን ሆኖ ይታያል። ሲመረመርም መስፋፋት ጀምሯል። ፕራይስ ሐኪሙ ያላትን ስትናገር እየተዛመተ ነው፣ ግን ብዙ አይደለም፤ ይህ የመጀመሪያም የመጨረሻም ቀዶ ሕክምናዬ እንዲሆን ተስፋ እናደርጋለን ብላለች። የሚወጣው እብጠቱ፣ ታይሮይዱና ጥቂት ንፍፊቶች ናቸው። ኢሜይሉ ባይደርሰኝ ሐኪም ጋ አልደውልም ነበር፣ ካንሰሩም መስፋፋቱን ይቀጥል ነበር አለች። የጣቢያዋን መፈክር ደግሞ ገለበጠችው፦ ከጎንዎ ነን የምንለው እኛ ነበርን፣ አሁን ተመልካቿ ከጎኔ ቆመች።

ቀዶ ሕክምናው ጁላይ 27፣ ሰኞ ነበር። የታይሮይድ ቀዶ ሕክምና ለማንኛውም ሰው ቀላል አይደለም፤ ለቴሌቪዥን ሪፖርተር ግን አንድ የተለየ ነገር አለው። የድምፅ አውታሮችን የሚያንቀሳቅሱት ሁለት ቀጫጭን ነርቮች የሚያልፉት ልክ ከዕጢው ጀርባ ነው። ሐኪሙ አጠገባቸው ነው የሚቆርጠው። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆኑም። ከተነኩ ግን ድምፅ ይሻክራል፣ ይደክማል፣ አንዳንዴ ለሳምንታት፣ አልፎ አልፎም ለዘለቄታው። ሌላ ሰው ድምፁ ቢሻክር ጉንፋን ይመስለዋል፣ ይሠራል። ሪፖርተር ግን እንጀራዋ ድምፅዋ ነው። ጠባሳውም የሚቀመጠው አንገት ላይ ነው፣ ካሜራው በሚያየው ቦታ፣ እብጠቱ በነበረበት። ሐኪሞች በአንገት መጨማደጃ መስመር ላይ ይቆርጣሉ፤ ከጊዜ በኋላ ይደበዝዛል፣ ሜካፕም አለ።

ፕራይስ በመልእክቷ መጨረሻ ለተመልካቾቿ ራሳችሁን ጠብቁ፣ እርስ በርሳችሁም ተጠባበቁ ብላ፣ በቅርቡ እንገናኝ ብላ ተሰናበተች። የኢሜይሉን የመጨረሻ ቃል መልሳ ለሌላው ማስተላለፏ ነው፤ አስባው ይሁን ሳታስበው።

ከዚያ በኋላ ያለው የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ዕጢው ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው የሆርሞኑን ምትክ ዕድሜ ልኩን በክኒን ይወስዳል። በየጊዜው ደም ይሰጣል፣ መጠኑ ይስተካከላል። ክኒኑ የሚወሰደው ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውኃ ነው። ከዚያ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ምንም አይበላም። ቡናም እንደዚያው ይጠብቃል፤ ቶሎ ከተጠጣ መድኃኒቱ በደንብ አይሰርጽም። ጎህ ሳይቀድ የቀጥታ ስርጭት ያለበትን ሰው የምታውቁ ከሆነ፣ ከሕክምናው ሁሉ የሚከብደው ይህ የቡናው ሳይሆን አይቀርም።